ከማሎያ እስከ ሱርሌይ፦ የሴጋንቲኒንና የኒቼን ሐይቆች በእግር

በስዊዘርላንድ ላይኛው ኢንጋዲን፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሁለት ሐይቆች፣ ሲልስና ሲልቫፕላና፣ ተከታትለው ተኝተዋል። ሠዓሊው ጆቫኒ ሴጋንቲኒ ከ1894 ጀምሮ አንዱ ጫፍ ላይ፣ ማሎያ ኖሯል። ፈላስፋው ፍሪድሪክ ኒቼ ደግሞ ከ1881 እስከ 1888 ሰባት በጋ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ባለችው ሲልስ ማሪያ አሳልፏል። ጉዞው ከማሎያ በሲልቫፕላና ሐይቅ ዳር እስካለችው ሱርሌይ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሳይቆሙ ከሄዱ ከሦስት ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም።

ዋናው ነገር አቅጣጫው ነው፤ ከማሎያ ጀምሩ። በብሩህ ቀን እኩለ ቀን ገደማ የማሎያ ነፋስ ይነሣል። በሌሎች ሸለቆዎች የቀን ነፋስ ሽቅብ ሲነፍስ፣ እዚህ ግን ከብሬጋሊያ ሸለቆ የወጣው አየር መተላለፊያውን ተሻግሮ ቁልቁል ይወርዳል። ከሱርሌይ የተነሣ ሰው ከሰዓት በኋላ ፊቱን እየተገረፈ ይሄዳል፤ ከማሎያ የተነሣ ግን ነፋሱ ከጀርባው ይገፋዋል።

ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ማሎያ ድረሱ። የሴጋንቲኒን ክብ የእንጨት ስቱዲዮና መቃብሩን ለማየት አንድ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በሲልስ ሐይቅ ደቡባዊ ዳር በኢሶላ መንደር አድርጋችሁ ወደ ሲልስ ማሪያ ሂዱ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ ፊቱን ወደ ሰሜን ባዞረ ተራራ ግርጌ ስለሚያልፍ ፀሐይ ዘግይታ ነው የምታገኘው፤ በረዶውም ቶሎ አይለቅም። በፀደይ ሶሉ ልሙጥ የሆነ ጫማ እዚህ ያንሸራትታል። ቢጫ ታቤላዎች ላይ የተጻፈው ሰዓት የእርምጃ ብቻ ነው፤ ዕረፍቱንና ፎቶውን ራሳችሁ ጨምሩበት።

የኒቼ ቤት ከ1960 ጀምሮ ሙዚየም ነው። የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ብቻ ስለሆነና ሰኞ ስለሚዘጋ፣ ብዙ ሰው በጠዋት መጥቶ የተዘጋ በር ያገኛል። እስኪከፈት ድረስ ወደ ቻስቴ ልሳነ ምድር ሄዳችሁ ተመለሱ፤ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ያዙለት። ጫፉ አጠገብ «ዛራቱስትራ» ከተባለው የኒቼ መጽሐፍ የተወሰደ ግጥም የተቀረጸበት ድንጋይ አለ።

ይህን ድንጋይ ከሱርሌዩ ጋር አታምታቱት። የሱርሌዩ ድንጋይ በሲልቫፕላና ሐይቅ ዳር የቆመ ፒራሚድ መሰል ትልቅ ቋጥኝ ነው። የዘላለማዊ ተመላሽነት ሐሳብ (ሁሉም ነገር ማለቂያ በሌለው ዙር እየተመለሰ ይደገማል የሚለው) በነሐሴ 1881 የመጣለት እዚያ እንደሆነ ኒቼ ራሱ ጽፏል። ከሲልስ በደቡባዊው ዳር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ከመንገዱ ዳር ከውሃው ጥግ ስለሆነ ወሬ የያዘ ሰው አልፎት ይሄዳል፤ ወደ ሱርሌይ ስትቃረቡ ዓይናችሁን ከውሃው አትንቀሉ።

የሴጋንቲኒን ሙዚየም በዚሁ ቀን ለመጨመር አትሞክሩ፤ ይመሻል። በማግስቱ (ሰኞ ካልሆነ) በአውቶቡስ ሴንት ሞሪትዝ ሂዱ። የሴጋንቲኒ ተያያዥ ሦስት ግዙፍ ሥዕሎች ያሉት እዚያ ሙዚየም ውስጥ ነው። መጀመሪያ ከክፍሉ መሃል እዩዋቸው፣ ከዚያ አንድ ክንድ ያህል ተጠጉ። ከሩቅ ነጭ የሚመስለው በረዶ ጎን ለጎን የተሰመረ የሰማያዊ፣ የቢጫና የሐምራዊ ክር ሆኖ ይበታተናል። ቀለሙን ከመደባለቅ ይልቅ ንጹሑን እየለየ ያሰመረው፣ ማዋሐዱን ለተመልካቹ ዓይን ትቶ ነው። የክረምቱን ሥዕል፣ ሦስተኛውን፣ ለመጨረሻ አቆዩት፤ መልክዓ ምድሩ ትናንት የተነሣችሁበት ማሎያ ነው።