ውሻችሁ በድንገት ሲታመም፦ ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ምን ታደርጋላችሁ?

የፋሲካ ማግስት ነበር፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። ቦቢ ምራቁን እያዝረበረበ በፊት እግሩ አፉን ይቧጥጣል። ሳህን ሲንኳኳ እየዘለለ የሚመጣው ውሻ ሥጋ እንኳን ማሽተት አልፈለገም። ጎረቤታችን በአጥር በኩል ወተት በጣሳ አቀበሉኝ። «ልጄ፣ መርዝ በልቶ ነው፤ ቶሎ ጋተው» አሉ። እኔ ደግሞ እጄን አፉ ውስጥ ልከት ስል ነበር። ሁለቱም ልክ አልነበረም።

መጀመሪያ፣ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። አጥንት የተቀረቀረበት ውሻና የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ያዝረበርባሉ፣ መዋጥ ያቅታቸዋል፣ አፋቸው ክፍት ሊቀር ይችላል። በሽታው የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የክትባት ካርዱን ፈልጉ። ካልተከተበ፣ ወይም ጠባዩና ድምፁ ተቀይሮ ከተንገዳገደ፣ ያገኘውን ከነከሰ፣ አትቅረቡት። ልጆችን አርቁ፣ በር ዝጉበት፣ ሐኪም በስልክ ጥሩ። ከነከሳችሁ ወይም ምራቁ ቁስል ከነካ፣ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። «የራሴ ውሻ ነው» ብላችሁ እንዳትተዉት።

ወተቱስ? ወተት መርዝ አያከሽፍም። መዋጥ ላቃተው ወይም ለሚንቀጠቀጥ ውሻ ሲጋት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ዘይትና ጥሬ እንቁላልም እንደዚያው። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌንም ከቤት አውጥታችሁ አትስጡት፤ ውሻን ይመርዛሉ።

ክትባቱ የተሟላና ገራም ከሆነ 2 ደቂቃ ወስዳችሁ እዩት። ከንፈሩን በጎን ገለጥ አድርጉና ድዱን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ነጣ ይልና በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጥ እዩ። ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። በእጅ ነክታችሁ ግን «ትኩሳት አለው» አትበሉ። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ስለሆነ ሁሌም ከእኛ ይሞቃል።

ለነገ የማይባሉት እነዚህ ናቸው፦ ድድ መንጣት ወይም መጥቆር፣ ትንፋሽ ማጠር፣ መንፈራገጥ፣ የማይቆም ደም፣ ሽንት እንቢ ማለት። ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው ጨጓራው ተጠማዞ ሊሆን ይችላል፤ ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የአይጥ መርዝ ከበላ ደግሞ ደህና መስሎ ቢታያችሁም አትጠብቁ። ብዙዎቹ የአይጥ መርዞች ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርጉ ምልክቱ የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው። ፓኬቱን ይዛችሁ ሂዱ።

ከመውጣታችሁ በፊት ደውሉ። ማታ የሚሠራ ክሊኒክ ጥቂት ነው፤ ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪምም አለ። ቢሾፍቱ አካባቢ ላላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው።

የእኔ ትልቁ ጣጣ መኪና ነበር። የጠራሁት ሹፌር ውሻውን ሲያይ ጥሎን ሄደ። ሁለተኛውን ደውዬ «ውሻ ታሞብኝ ነው፣ ወንበሩ ላይ ላስቲክና ጋቢ አነጥፋለሁ፣ ጨምሬ እከፍላለሁ» አልኩት። መጣ። እናንተም አስቀድማችሁ ንገሩ። የግቢ ውሻ መኪና ስለማያውቅ ይደነግጣል፤ አንገቱ ላይ ማሰሪያ ይኑር፣ አንድ ሰው አብሮት ከኋላ ይቀመጥ። መቆም ካቃተው በብርድ ልብስ ላይ አድርጋችሁ ለሁለት አንሱት። ሕመም ገራሙንም ያናክሳልና አፉን በሻሽ ማሰር ይቻላል፤ የሚያስመልስ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ከሆነ ግን በጭራሽ አትሰሩት። ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብ አትስጡት።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ክትባቱ መቼ ነው?» ብሎ ነው። ካርዱ ቤት ቀርቷል። ዛሬውኑ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። መቼ እንደጀመረው፣ ምን እንደበላ፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጠው ንገሩ። ካስመለሰው በፌስታል ቋጥራችሁ ውሰዱ፤ ከተንፈራገጠ በቪዲዮ ቅረጹት። ዋጋውንም ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም።

ሐኪሙ መርፌ ወግቶ አስተኛው። አፉን ከፍቶ መብራት ሲያበራ የዶሮ አጥንት ላንቃው ላይ ከጥርስ እስከ ጥርስ ተጋድሞ ተቀርቅሯል። በመቆንጠጫ ነቅሎ መዳፌ ላይ አኖረው። እንደ ስቴኪኒ ቀጭን ነው፣ ጫፉ ደም ነክቶታል። ለካ የበዓሉን ትራፊ ልጆቹ ሰጥተውት ነበር። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና እንደ መርፌ ይሾላል። የዶሮ ወጡ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋል፤ ስለዚህ ድካምና የሽንት መጥቆር ካየሁ በቀጣዮቹ ቀናት እንድመልሰው ነገረኝ።

ማደንዘዣው ለቆት ቀጥ ብሎ እስኪራመድ ውሃም ምግብም አልሰጠሁትም። ሌሊቱን ወለል ላይ አስተኝቼው አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጠዋት ያለ ሽንኩርትና ያለ ጨው የተቀቀለ ሩዝ ከዶሮ ሥጋ ጋር አለስልሼ አቀረብኩለት። ሳህኑን ልሶ ጨረሰው።