አሲዱን ከማፍሰሳችሁ በፊት፦ የመዋኛ ገንዳ ዳር ወለል አጸዳድ

ቢሾፍቱ ውስጥ አንድ ሎጅ ተቀጥሬ ፑል መጠበቅ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር የሰራሁት ጥፋት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የገንዳው ጠርዝ ላይ ነጭ እድፍ ነበር። ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ዓይነት፣ ውሃ ሲደርቅ የሚተወው። በሳሙና ፈተግኩት፣ እምቢ አለ። ስቶር ውስጥ ሴራሚክ ሰሪዎች ትተውት የሄዱት ግማሽ ጀሪካን አሲድ አለ። እነሱ በሱ ሲሚንቶ ሲያስለቅቁ አይቻለሁ። አላመነታሁም፣ ጠርዙ ላይ አፈሰስኩት። ፍሽሽ አለ፣ አረፋ ደፈቀ። "ይሄ ነገርማ ይሰራል!" ብዬ ደስ አለኝ።

ሳጥበው እድፉ የለም። የድንጋዩም ወዝ የለም። ጠርዙ ለካ ማርብል ነው። ፊት የሚያሳይ የነበረው ድንጋይ ገርጥቶና ሻክሮ ቀረ። ያንን ሎጅ ከለቀቅኩ ቆይቷል፣ ያ ምልክት ግን አሁንም እዚያው ይመስለኛል። ማርብል አንዴ ከተበላ በማሽን ካልተሞረደ በቀር አይመለስም።

ነገሩ ቀላል ነው። ነጩ እድፍ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ማርብሉም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። እድፉና ድንጋዩ ዘመዳሞች ናቸው፤ አሲዱ አንዱን ከሌላው አይለይም።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት የቆማችሁበት ወለል ምን እንደሆነ እወቁ። ባለቤቱን መጠየቅ ጥሩ ነው፣ ግን እሱም ላያውቅ ይችላል። እኔ ሎሚ እጠቀማለሁ። ሰው የማያየው ጥግ፣ ለምሳሌ ከአበባ ማሰሮ ጀርባ፣ አንድ ጠብታ ሎሚ ጠብ አድርጉና ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ትንንሽ አረፋ ካወጣ፣ ወይም ሲጠረግ የደበዘዘ ክብ ምልክት ከተወ፣ ማርብል ወይም የኖራ ድንጋይ ነው። ወዲያው በውሃ እጠቡት። ከዚያ በኋላ ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ የሽንት ቤት ማጽጃ የሚባል ነገር ወደዚያ ወለል እንዳይደርስ። ለማርብል ውሃና ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ነጩን እድፍ መከላከል የሚቻለው ማታ ማታ የተረጨውን ውሃ ሳይደርቅ በጎማ መጥረጊያ በመሰብሰብ ነው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

የጠዋት ስራዬ በደረቅ መጥረጊያ ይጀምራል። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ሁሌ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የውሃ ጎማውን ይከፍታሉ። አቧራ ውሃ ሲነካው ጭቃ ይሆናል፣ ጭቃው መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። እኛ አካባቢ ደግሞ ሬድ አሽ የምንለው ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር አለ። መኪና ማቆሚያው ላይ ይነጠፋል፣ እንግዳው በጫማው ይዞት ይመጣል። ጠጠሩ ስል ነው። ማርብል ላይ በጫማ ሲረገጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ጥሩ ወፍራም የእግር መጥረጊያ ምንጣፍ መግቢያው ላይ ማንጠፍ ከማንኛውም ኬሚካል በላይ ይጠቅማል። ከዚያ ነው ውሃ። ውሃውን ስትለቁ ከገንዳው ወደ ውጭ፣ ወደ ፍሳሽ መውረጃው ንዱት። ሳሙናና ቆሻሻ ገንዳው ውስጥ ከገባ ክሎሪኑን ይጨርስባችኋል፣ ውሃውም አረፋ ያወጣል።

አሁን ወደ አምቦ ድንጋይ ልምጣ፤ ብዙ ሎጅና ብዙ የግል ቤት ያለው እሱ ስለሆነ። የአምቦ ድንጋይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። እግር አያዳልጥም፣ በፀሐይም እንደ ጥቁር ድንጋይ አያቃጥልም፣ ለፑል ዳር እኔ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ። ጠላቱ ግን ቅባት ነው። ድንጋዩ ቀዳዳ ስላለው ያገኘውን ሁሉ ይጠጣል። የጸሐይ መከላከያ ቅባት፣ የፀጉር ቅቤ፣ ከጥብስ የተንጠባጠበ ዘይት፣ አዋዜ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሙሽሮች ለፎቶ ይመጣሉ። የሚበተነው የጽጌረዳ ቅጠል እርጥብ ድንጋይ ላይ ካደረ ቀለሙን ይለቃል። ቅጠሉን ያኑ ማታ ልቀሙት፣ ለእሁድ አታሳድሩት። የሻማ ሰም ከፈሰሰ በቢላ አትፋቁ። በፌስታል በረዶ አስቀምጡበት፣ ሲደርቅ በአሮጌ የኤቲኤም ካርድ ይነሳል።

ቅባት ሲፈስ የመጀመሪያው ነገር አለማሸት ነው። ማሸት ወደ ውስጥ ይነዳዋል። በሶፍት ተጫኑና ምጠጡት። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ እንደ ወፍራም ገንፎ ለውሱና እድፉ ላይ የጣት ውፍረት ያህል ለጥፉ። በፌስታል ሸፍኑት፣ ዳሩን በፕላስተር አሽጉ፣ 24 ሰዓት ተዉት። በማግስቱ ፌስታሉን አንሱና ሊጡ እስኪደርቅ ጠብቁ። ሲደርቅ ነው ዘይቱን ወደ ራሱ የሚስበው። ጠርጋችሁ እጠቡት። የቆየ እድፍ ከሆነ ሁለት ሶስት ጊዜ መድገም ይጠይቃል።

ሌላው የአምቦ ድንጋይ ጠላት የላቫጆ ማሽን ነው። ከመኪና ማጠቢያ ተውሰው የሚያመጡት አሉ። በቅርበትና በቀጭን አፍ ከተረጨ የድንጋዩን አሸዋ ፈልቅቆ ያወጣል፣ ጅራት ጅራት የመሰለ መስመር ይተዋል። የግድ ከሆነ አፉን ሰፊ አድርጉት፣ ግፊቱን ቀንሱ፣ ከድንጋዩ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ራቁ፣ አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ።

በዓመት አንዴ በጋ ላይ የውሃ ጠብታ ድንጋዩ ላይ ጣሉ። ክብ ሆኖ ከቆመ ደህና ነው። ቶሎ ከሰረገ ሲለር ይፈልጋል፤ ድንጋዩ ፈሳሽ እንዳይጠጣ የሚቀባ ነገር ማለት ነው። ስትገዙ ወደ ውስጥ የሚሰርገውን ዓይነት ጠይቁ። ላይ ላይ እንደ ቫርኒሽ የሚያብረቀርቀውን አትቀቡ፤ እርጥብ እግር ሲነካው በረዶ ነው። ከመቀባታችሁ በፊት ድንጋዩ ታጥቦ ሁለት ሙሉ ቀን ፀሐይ ይምታው።

ሲሚንቶ ሻካራ ከሆነ ትልቅ ጣጣ የለውም። ሊሾ ከሆነ ግን ክረምት ላይ ተጠንቀቁ። ሐምሌና ነሐሴ ጥላ ያለበት በኩል አረንጓዴ አልጌ ይይዛል፣ ሰው የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው። አንድ እጅ በረኪና ለአስር እጅ ውሃ በጥብጡ። በአቅራቢያው ያለውን ሳርና አበባ መጀመሪያ በንጹህ ውሃ አጠጡት፣ አለበለዚያ ይቃጠላል። ከዚያ ወለሉ ላይ አፍስሱ፣ አስር ደቂቃ ያህል ቆዩ፣ በጠንካራ ብሩሽ ፈትጉ፣ በብዙ ውሃ እጠቡ። ሽቦ ብሩሽ አትጠቀሙ፤ የተሰበረው ሽቦ እዚያው ዝጎ ቡናማ ነጥብ ይተዋል። በነገራችን ላይ የብረት ወንበሮች እግር ላይ የፕላስቲክ ቆብ አድርጉ። ዝገትን ከድንጋይ ላይ ማውጣት ከባድ ነው፣ ቆቡ ግን ርካሽ ነው።

ሴራሚክ ላይ ብዙ አልልም። በሳሙና ይለቃል። መገጣጠሚያውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በቤኪንግ ሶዳ። በየወሩ በሳንቲም እያንኳኳችሁ ሂዱ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከስሩ ለቋል፣ ነገ ይሰበራል፣ ስባሪው ደግሞ የልጅ እግር ይቆርጣል። የቤት ውስጥ አብረቅራቂ ሴራሚክ ፑል ዳር ያነጠፈ ሰው ካለ ማጽዳት አያድነውም። የማያዳልጥ ሻካራ ፕላስተር ይለጥፍበት ወይም ይቀይረው።

አንድ ነገር በትልቁ ልበል። በረኪና ወይም የገንዳ ክሎሪን ከአሲድ ጋር በፍጹም አይገናኝ። የሽንት ቤት ማጽጃዎችም ብዙዎቹ አሲድ አለባቸው። ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ባልዲ። ስቶር ውስጥም ጎን ለጎን አታስቀምጧቸው። ስትበጠብጡ ደግሞ ኬሚካሉን ወደ ውሃው ነው እንጂ ውሃውን ወደ ኬሚካሉ አይደለም።

የጣውላ ወለል ያላችሁ፣ ላቫጆውን ሙሉ በሙሉ እርሱት። ጣውላው ይላጣል፣ ስንጥሩ እግር ይወጋል። በለስላሳ ሳሙናና በብሩሽ፣ በእንጨቱ መስመር ሂዱ እንጂ አግድም አትፈትጉ። ባህር ዛፍ ከሆነ ይጠመዘዛል፣ ምስማሩ ብቅ ይላል። እኔ ሰኞ ሰኞ እንግዳ ሳይኖር ወፍራም ጨርቅ ወለሉ ላይ እየጎተትኩ እዞራለሁ። ጨርቁ ከያዘ እዚያ ምስማር ወይም ስንጥር አለ። ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ፣ ጥቂት ደረቅ ቀን ጠብቁና የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡት። የተረፈውን ከሩብ ሰዓት በኋላ ጥረጉ፣ አለበለዚያ ሙጫ ይሆናል።

ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተከመረ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ማንም ክብሪት ሳይጭር ሊነድ ይችላል። እኔ አጥር ላይ ዘርግቼ አሰጣዋለሁ። ሲደርቅ እንደ ካርቶን ድርቅ ይላል፣ ያኔ ይጣላል።