ገጀራ ስትገዙ ምኑን ነው ምታዩት?

ክረምቱ ሲወጣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰንዳፋ አካባቢ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ሳርና ቁጥቋጦ ሊውጠው ይደርሳል፣ ያኔ ነው ገጀራ ፍለጋ ሚጀመረው። ለሳርና ለለጋ ቅርንጫፍ ከሆነ 2 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ረዘም ያለ ስለት ይሻላል፣ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ምትቆርጡበት ከሆነ ግን ወፈር፣ አጠር፣ ጫፉ ጋ ከበድ ይበል። አንድ ብቻ ነው ምገዛው ካላችሁ ስለቱ ከ40 እስከ 45 ሳንቲሜትር ይሁን፣ ከዛ ሚረዝመው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ለማወናጨፍ አይመችም።

ብረቱ ላይ እንዳትሸወዱ። ሚያብለጨልጨው ርካሽ ስቴንለስ አይዝግም እንጂ ቶሎ ይደንዛል፣ ካርቦን ስቲል ግን በሞረድ ቶሎ ይሳላል፣ ዝገቱን ደሞ ከስራ በኋላ ጠርጎ ዘይት መቀባት ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ካገኛችሁ እኔ እሱን ነው ምመርጠው፣ ግን ቀጥቃጩ ሙቀቱን ካልቻለበት ወይ ይሸረፋል ወይ ይጣመማል፣ ስለዚህ ስስ ከሆነ ትንሽ ለመጥ አርጋችሁ ልቀቁት፣ ቀጥ ብሎ ካልተመለሰ ተዉት።

እጀታው ጋ ብረቱ እስከ መጨረሻው ገብቶ በሪቬት የተመታ ይሁን፣ ግማሽ ድረስ ብቻ የገባ ከሆነ አንድ ቀን ስለቱ ብቻውን ይበራል! አፎት ከሌለው አሰፉለት፣ ታክሲ ውስጥ ራቁቱን ይዛችሁ ገብታችሁ ሰው አታስደንግጡ። መናገሻ ሱባ ለእግር ጉዞ ከሆነ ደሞ ቤት ተዉት፣ ጥብቅ ደን ነው፣ መቁረጥ ክልክል ነው።