ብርቅዬ የባሕር ዓሣ ቤት ለማኖር ስታስቡ፦ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለገጣፎም ሆነ ሱሉልታ፣ ሳሎን ውስጥ የባሕር ዓሣ ማኖር ይቻላል። እንደ ክላውንፊሽ ያለው የተለመደ ዓሣ ትንሽ ስህተት ይችላል። ማንዳሪን፣ የባሕር ፈረስና ፍሮግፊሽን የመሳሰሉት ብዙም የማይታዩ ዓሦች ግን አይችሉም። አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ በመመሪያዎች የማይነሳ የራሱ ጣጣ አለው።

ምግቡን ሳያዘጋጁ ዓሣውን መግዛት

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ማንዳሪንን ያየ ሰው ይማረካል፤ ሰማያዊና ብርቱካናማ መስመሩ ጥልፍ ይመስላል። ግን ሲበላ ቆም ብላችሁ እዩት። በክንፉ ድንጋዩ ላይ ይድሃል፣ ይቆማል፣ ዓይኑን ያንከባልላል፣ ከዚያ ጠቅ። ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። የሚለቅመው ኮፔፖድ የሚባሉ፣ በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ፍጥረታትን ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ ካሉ በጥቂት ሳምንታት ይጨርሳቸዋል። ከዚያ ደረቁ ምግብ ፊቱ እየተንሳፈፈ በረሃብ ይሞታል። በጣም ያሳዝናል፤ መከላከል ይቻል ነበራ!

ስለዚህ ገንዳው ብዙ ወራት የቆየና ብዙ ድንጋይ ያለው ይሁን። ወይም በሰው እጅ የተራባና በረዶ የሆነ ምግብ የለመደ ማንዳሪን ፈልጉ። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን "እስቲ አሁን አብላውና ልየው" በሉት። የዓሣው ሆድ ወደ ውስጥ ከገባ ተዉት።

የባሕር ፈረስ ደግሞ ጨጓራ የለውም፤ የበላው ቶሎ ያልፋል። በቀን ሁለት ሦስቴ መብላት አለበት። ማለዳ ታክሲ ይዛችሁ መሃል ከተማ የምትሄዱ፣ ማታ የምትመለሱና ቤት የሚያበላው ሰው የሌላችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ከፍታውን መርሳት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሱሉልታ ከመሃል ከተማው ከፍ ይላል። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጨው ያለው ውኃ ደግሞ ከጨው አልባው ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። መጽሐፍ ላይ "ለዚህ ገንዳ አሥር ዓሣ ይበቃል" የሚል ካያችሁ ቁጥሩን ቀንሱ። የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዙሩትና የውኃው ፊት ሁልጊዜ ይናወጥ። ገንዳውን በመስታወት ጥርቅም አድርጋችሁ አትክደኑ፤ ዓሣው እንዳይዘል መረብ ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ ስለ ሙቀቱ ብቻ መጨነቅ

የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ያስፈራል፣ እውነት ነው። ግን ሙቀቱ የሚወርደው ቀስ እያለ ነው። ፓምፑ ሲቆም ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው። መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚነሳ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሂተር በፊት ይገዛ። ጎን ለጎኑን ብርድ ልብስ አልብሱት፤ ላዩን ተዉት። መብራት እስኪመጣ አታብሏቸው።

ማንኛውም ውኃ፣ ማንኛውም ጨው

የወጥ ጨው አይሆንም። ገንዳው የሚፈልገው ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሌሎችም ያሉበት ለባሕር አኳሪየም የተዘጋጀ ጨው ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ የጉድጓድ ውኃ ማዕድን ይበዛበታል። ሁለቱም በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውኃን በስስ ሽፋን ገፍቶ በሚያጣራ ማጣሪያ፣ ይለፉ። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ከሮቶው ወደ ማጣሪያው የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልጋል። ጨዋማነቱ በአንጻራዊ ክብደት ሲለካ (ንጹሕ ውኃ 1 ሲሆን) 1.025 አካባቢ ይሁን። ውኃው ተንኖ ሲጎድል የተጣራ ውኃ ብቻ ጨምሩ፤ ጨው አይተንም።

ከረጢቱን ከፍቶ ለሰዓታት ማላመድ

ዓሣው በአውሮፕላን ረጅም መንገድ ነው የሚመጣው። በጉዞው ከረጢቱ ውስጥ አሞኒያ ይጠራቀማል። ዓሣው ሲተነፍስ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን ስለሚያኮመጥጠው አሞኒያው ብዙም አይጎዳም። ከረጢቱ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤች (የውኃው አሲድነት መለኪያ) ከፍ ይላል፣ አሞኒያውም መርዝ ይሆናል። ስለዚህ የገንዳውን ውኃ በየጠብታው ከረጢቱ ላይ እየጨመሩ በማላመድ ለሰዓታት ማቆየት ዓሣውን መግደል ነው። የከረጢቱን ጨዋማነት ሻጩን ቀድማችሁ ጠይቁና አዲስ ዓሣ ለብቻው የሚቆይበትን የማቆያ ገንዳ በዚያው ልክ አዘጋጁ። ከረጢቱ ሳይከፈት ውኃው ላይ ተንሳፎ ሙቀቱ ይስተካከል። ከዚያ ክፈቱት፣ ዓሣውን ብቻ አውጥታችሁ አስገቡ፣ የከረጢቱን ውኃ ድፉት። ማቆያው ውስጥ ቢያንስ አራት ሳምንት ይቆይ፤ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ ወደ ዋናው ገንዳ ከገባ መከራ ነው።

ጎረቤቱን አለመምረጥ

ፍሮግፊሽ የራሱን ያህል ዓሣ ይውጣል፤ ለብቻው ይኑር። ቦክስፊሽ ሲደነግጥ መርዝ ይለቃል፤ ገንዳውን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። የላየንፊሽ እሾህ ሰውም ይወጋል። እጃችሁን ስታስገቡ የት እንዳለ ሁልጊዜ እዩ። ከወጋችሁ እጃችሁን ቆዳ በማያቃጥል፣ ግን በምትችሉት ልክ በሞቀ ውኃ ውስጥ ንከሩና ሐኪም ቤት ሂዱ።