ሊኑክስ ስትጭኑ ዲስኩ አልታይ ካለ

ፍላሹን ሰካችሁ፣ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት አስነሳችሁ፣ የት እንደሚጫን የሚጠይቀው ገጽ ላይ ስትደርሱ ግን የላፕቶፑ ዲስክ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ዲስኩ ሞተ» ብሎ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ቅድም ዊንዶውስ ከዚያው ዲስክ ላይ ሲነሳ ከነበረ ዲስኩ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። ተደብቆ ነው።

መጀመሪያ አረጋግጡ። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱና ኤል፣ ኤስ፣ ቢ፣ ኤል፣ ኬ የሚሉትን ፊደሎች በእንግሊዝኛ ትንሹ ፊደል አያይዛችሁ ጻፉ። በኤንቪኤምኢ (ፈጣን የዲስክ ዓይነት ነው) የሚጀምር ስም ከመጣ ዲስኩ ታይቷል ማለት ነው። 512 ጊጋ የሚባለው 476.9 ሆኖ ይጻፋል፣ የአቆጣጠር ልዩነት ስለሆነ አያሳስባችሁ። ኤስዲኤ የሚል ብቻ ከመጣና መጠኑ የፍላሻችሁን ያህል ከሆነ ግን እሱ ፍላሹ ነው፣ ዲስካችሁ አልታየም።

የኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው ላፕቶፖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ባዮስ ውስጥ ነው፤ ባዮስ ማለት ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ቅንብር ነው። ዲስኩን የሚደብቀው ምርጫ ቆየት ባሉት ላይ ሬይድ ወይም አርኤስቲ ይባላል፣ ከ11ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ባሉት ላይ ደግሞ ቪኤምዲ። ይሄ ነገር ሲበራ ዲስኩ ከኢንቴል መቆጣጠሪያ ጀርባ ይሆናል፤ ዊንዶውስ ድራይቨሩ (ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ስላለው ያገኘዋል፣ የሊኑክሱ መጫኛ ግን ላያገኘው ይችላል። መፍትሔው ሬይዱን ኤኤችሲአይ ወደሚባለው ተራ የዲስክ አሠራር መቀየር፣ ወይም ቪኤምዲን ማጥፋት ነው።

ግን እባካችሁ ዘላችሁ ባዮስ አትግቡ! ዊንዶውስን ማቆየት የምትፈልጉ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ዝም ብላችሁ ከቀየራችሁት ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ አልነሳም ሊል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ እያላችሁ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ይሄን ያልያዘ ሰው መረጃውን እንዳለ ሊያጣ ይችላል። ፒን ብቻ የምትጠቀሙም ዋናውን ፓስዎርድ አስታውሱ፣ ሴፍ ሞድ ላይ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ ሲነሳ) ፒኑ እምቢ ሊል ይችላል። ከዚያ ኤምኤስ ኮንፊግ የሚባለውን የዊንዶውስ ማስተካከያ ፈልጋችሁ ክፈቱ፣ ቡት የሚለው ገጽ ላይ ሴፍ ቡትን ምረጡና ሪስታርት አድርጉ።

ዊንዶውስ ሳይነሳ ባዮስ ግቡ። ዴልና ኤሰር ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ነው። ቅንብሩን ቀይሩ፣ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። አንዳንድ ኤሰሮች ላይ ምርጫው ራሱ አይታይም፤ ሜን የሚለው ገጽ ላይ ሆናችሁ ኮንትሮልና ኤስን አንድ ላይ ስትጫኑ ብቅ ይላል። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ሲነሳ አዲሱን ድራይቨር ይይዛል። ተመልሳችሁ የሴፍ ቡቱን ምልክት አንሱ፣ እንደገና ሪስታርት አድርጉ፣ በደንብ መነሳቱን ካያችሁ በኋላ ፍላሹን ሰክታችሁ ቀጥሉ።

ዊንዶውስን ጨርሳችሁ የምታጠፉ ከሆነ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ፋይላችሁን ገልብጡ፣ ባዮሱን ቀይሩ፣ ጫኑ።

ባዮሱ ራሱ ዲስኩን ካላየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። አጥፍታችሁ፣ ቻርጀሩንና ባትሪውን ነቅላችሁ ዲስኩን አውጥታችሁ መልሱት። አዲስ የገዛችሁት ከሆነ ደግሞ ዓይነቱን ተመልከቱ፦ ኤም.2 የሚባሉት ቀጫጭን ዲስኮች ሳታም ኤንቪኤምኢም የሚባል ዓይነት አላቸው፤ መልካቸው ይመሳሰላል፣ አንድ ቦታ ላይም ሊገቡ ይችላሉ፣ ላፕቶፑ ግን አንዱን ብቻ የሚያነብ ሊሆን ይችላል።