ለሰርግ ፎቶ ቡዝ ከመከራየታችሁ በፊት፦ ባሕር ዳር ላይ ያየኋቸው ስህተቶች

ጥር ሲገባ ባሕር ዳር ሙሽራ በሙሽራ ትሆናለች። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ አዳራሽ መያዝ ራሱ ትግል ነው። አሁን አሁን ደግሞ ሰርግ ባለበት ቤት አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ፎቶ ቡዝ (እንግዳው ራሱ ፊቱ ቆሞ ፎቶ ወይም ቪዲዮ የሚነሳበትን፣ ወዲያውም የሚቀበልበትን እቃ) እንከራይ ወይስ ይቅርብን?

እኛ ቤት ሁለት ጊዜ ተከራይተናል። በእህቴ ሰርግ ቆጨን። በአጎቴ ልጅ ሰርግ ግን ደስ እንዳለን አለን። ከተማው አንድ ነው፣ ዘመዱም ያው ዘመድ ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

እቃውን መርጦ እንግዳውን መርሳት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ለእህቴ የተከራየነው ያ የሚሽከረከረውን፣ ሰው «ስሪ ሲክስቲ» የሚለውን ነበር። መድረኩ ላይ ሦስት አራት ሰው ይወጣል። ካሜራው በክንድ ላይ ሆኖ ዙሪያቸውን ይዞራል። ቪዲዮው ወደ ስልክ ይላካል። ወጣቶቹ በጣም ወደዱት።

አያቴ ከመራዊ ነው የመጣችው። እቃውን የሚያሠራው ልጅ በትህትና «እማማ፣ ይውጡ፣ እኔ እይዝዎታለሁ» አላት። «ኧረ ልጄ፣ ያዞረኛል» አለችና ጋቢዋን ሰብስባ ወንበሯ ላይ ተመለሰች። ብትወጣስ ቪዲዮው በየት ስልክ ይላክላት? ከገጠር የመጣው ዘመዳችን አብዛኛው እንደ እሷ ነበር። ድግሱን በልቶ፣ መርቆ፣ ባዶ እጁን ሄደ። ይሄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ለአጎቴ ልጅ ወረቀት የሚያትመውን ያዝን። ከዘጌ የመጡ አንድ ትልቅ ዘመዳችን ፎቷቸውን በሁለት ጣት ጠርዙን ይዘው እፍ እፍ ይሉበት ነበር። ገና ያልደረቀ መስሏቸው ነው። ፎቶው ግን ደርቆ ነው የሚወጣው። ከወራት በኋላ ቤታቸው ቡና ስንጠጣ ቀና ብል፣ ያቺ ፎቶ የእመቤታችን ሥዕል ፍሬም ግርጌ ላይ ተሰክታለች። እሳቸው፣ ባለቤታቸውና ሙሽራዋ ተቃቅፈው።

ስለዚህ የእኔ መለኪያ አንድ ነው። እንግዳው ፎቶ በእጁ ይዞ ይሄዳል ወይ? የሚሄድ ከሆነ ተከራዩ። እንግዳችሁ ዕድሜውም ከተማውም እንደ እናንተ ካልሆነ በቀር፣ የማያትም እቃ ላይ ብር አታውጡ። የፎቶ ቡዝ ነገር ከመነሻውም እንዲሁ ነው። በፈረንጆች 1925 አናቶል ጆሴፎ ኒው ዮርክ፣ ብሮድዌይ ላይ «ፎቶማቶን» የሚባለውን ማሽን ሲከፍት በ25 የአሜሪካ ሳንቲም 8 ፎቶ ይሰጥ ነበር። ፎቶው እስኪወጣ ደቂቃዎች መጠበቅ ነበረበት። ሰው ግን ይሰለፍ ነበር። ወረቀቱን ይዞ ለመሄድ ነው የተሰለፈው።

ሰዓቱን ከሙሽሮች መግቢያ ጋር ማስጀመር

ይሄኛው በተለይ የእኛ ከተማ ጉዳይ ነው። ሙሽሮችና ሚዜዎች ለፎቶ ጣና ዳር ይሄዳሉ። ከዘንባባው ሥር፣ ከውሃው ዳር፣ አንዳንዴም ጀልባ ላይ። እንግዳው በዚህ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት። ልጆች ይቁነጠነጣሉ፣ ትልልቆቹ ይደክማቸዋል። ፎቶ ቡዙ የሚያስፈልገው ያኔ ነው!

በእህቴ ሰርግ ግን ውሉ ሦስት ሰዓት ነበር፣ የሚጀምረውም ሙሽሮች ሲገቡ። እነሱ ሲገቡ ሆታው ተነሳ። ከዚያ ምግብ፣ ከዚያ ኬክ። ከዚያ ጭፈራው ሲሞቅ ማን እስክስታውን ጥሎ ፎቶ ይነሳል? ከሦስቱ ሰዓት ሁለቱን እቃው ቆሞ ዋለ። እኛ ግን የሦስቱንም ከፈልን።

እንግዳ መግባት ሲጀምር ይጀምር። ደግሞ ሂሳቡን ሥሩ። አንድ ቡድን ገብቶ፣ ተነስቶ፣ ወረቀቱን እስኪቀበል ሁለት ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በሰዓት 30 ቡድን ነው። በየቡድኑ አራት ሰው ቢኖር 120 ሰው። 400 እንግዳ ጠርታችሁ ለአንድ ሰዓት ብትከራዩ የሚተርፋችሁ ቅሬታ ነው። እቃውን የሚገጥሙበትም ጊዜ ከኪራዩ ሰዓት እንዳይቆጠር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ነጭ በነጭ ላይ

ዲኮር የሚሠሩ ልጆች ነጭ መጋረጃ ይወዳሉ። በመጽሔት ላይ ያምራል። የእኛ ሰው ግን ሰርግ የሚመጣው ነጭ ለብሶ ነው። ጋቢ፣ ነጠላ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ ከዚያ ላይ ቬሎ። ካሜራው በአውቶማቲክ ከሆነ ያ ሁሉ ነጭ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልመዋል። የሚጠፋው ፊታችን ነው። በእህቴ ሰርግ አንድ የጋቢ ጥለት ቁልጭ ብሎ ወጥቶ፣ የባለ ጋቢው ዓይን የማይለይበት ቪዲዮ አይቻለሁ።

ጥቁር አረንጓዴ ወይም የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ጨርቅ ጠይቁ። ብርሃኑም ከፊት ለፊት ይሁን። ደግሞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሰው ጋቢ አልብሳችሁ የሙከራ ፎቶ አስነሱ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መብራቱን ለዕድል መተው

የፎቶ ቡዝ ፕሪንተሮች ብዙዎቹ በሙቀት ነው የሚሠሩት። ቀለሙን በየተራ ነው ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፉት። ወረቀቱ ሲገባና ሲወጣ የምታዩት ለዚያ ነው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ያ ወረቀት አበቃለት። ጄኔሬተር እስኪነሳ ያለችው ትንሽ ጊዜ እንኳ በቂ ናት። የዲጄው ማጉያና የምግብ ማሞቂያው ባሉበት ማራዘሚያ ላይ ከሰኩት ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ለብቻው መስመር ይሰጠው። ትርፍ ወረቀትና ቀለም መያዛቸውንም ጠይቁ።

ሐይቅ ዳር፣ ደጅ ላይ ማቆም

እይታው ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ከጣና ነፋስ ይነሳል፣ መጋረጃውንም ከነብረቱ ይጥለዋል። 12 ሰዓት ሲል ደግሞ መብራቱ ላይ ትንኝ ይሰፍራል። አዳራሹ መግቢያ ላይ፣ ከግድግዳ ተጠግቶ ይቁም።

የፈረንጅ ኮፍያ ብቻ መደርደር

የካርቶን ጺምና ትልልቅ መነጽር ለልጆች ይበቃል። ለትልልቆቹ ጭራ፣ ዘንግ፣ ጋሻ፣ ካባ አስቀምጡ። ትንሽ የደንገል ታንኳ ብታስቀምጡማ የባሕር ዳር ሰርግ መሆኑ ከፎቶው ይታወቃል። መስቀልና ጸናጽል ግን አታድርጉ። መጫወቻ አይደሉም፣ ካህናትም ሰርጉ ላይ አሉ።

በአፍ ብቻ መስማማት

ሰዓቱ፣ የወረቀቱ ብዛት፣ እቃው ቢበላሽ የሚመለሰው ብር፣ ሁሉም ይጻፍ። ሶፍት ኮፒውን በስንት ቀን እንደሚሰጧችሁም ይጻፍ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ያለ ፈቃዳችሁ የእንግዳችሁን ፎቶ ለማስታወቂያ ቲክቶክ ላይ እንዳይለጥፉ። የአንድ ዘመዳችን ልጅ ራሷን እዚያ አግኝታ አልቅሳለች።

ከዋናው ካሜራማን ቀንሶ መክፈል

ብር ካጠረ የሚቀረው ፎቶ ቡዙ ይሁን። የቃል ኪዳኑን፣ የእናትን እንባ፣ የአባትን ምርቃት የሚያስቀረው ካሜራማኑ ነው። እንግዳውም ያለ ፎቶ እንዲሄድ አልፈልግም ካላችሁ መንገድ አለ። አንድ ጎበዝ የአክስት ልጅ መግቢያው ላይ ካሜራ ይዞ ይቁም። ሽማግሌዎቹን፣ አያቶቹን፣ ከሩቅ የመጡትን በየቤተሰባቸው ያንሳ፣ ስማቸውንም በደብተር ይያዝ። ማታውኑ ወይም ጠዋት ፎቶ ቤት ወስዶ ያሳትም። በመልሱ ዕለት ለመጡት በእጃቸው፣ ቀድመው ለተሳፈሩት ደግሞ በፖስታ ስማቸው ተጽፎ በዘመድ ይላክላቸው። ለታናሽ ወንድሜ ሰርግ ያሰብነው ይሄንን ነው። የአያቴን ፖስታ መራዊ ድረስ ራሴ እወስደዋለሁ።