ዝርዝሩ ባዶ ነው ማለት ጄቪኤሙ ሞቷል ማለት አይደለም

ጄቪኤም የጃቫን ፕሮግራም የሚያስኬደው ሞተር ነው። ጄዲኬ (የጃቫ መሣሪያዎች ጥቅል) መጫኑን፣ የጃቫ ፕሮግራሙም መነሳቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ጄቪኤሞችን የሚከታተሉትን ቪዥዋል ቪኤምን ወይም ጄኮንሶልን ስትከፍቱ የጄቪኤሞቹ ዝርዝር ባዶ ነው። ጄቪኤሞችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ ጄፒኤስም የራሱን ስም ብቻ ጽፎ ዝም ይላል። ቶምካት (የጃቫው ዌብ ሰርቨር) ግን እየሠራ ነው።

በክረምት ከፍኖተ ሰላም ተደወለልኝ። «ሰርቨሩ ሞቷል፣ ድረስልን!» ከባሕር ዳር ተነስቼ ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬን አልፌ ስደርስ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቁጭ ብላ ካርድ ታወጣለች። የሞተ ነገር የለም። የአይቲው ልጅ ግን ዝርዝሩ ባዶ ሆነበትና ጠዋት 3 ጊዜ አጥፍቶ አስነስቶታል። ሰልፉ እስከ ግቢው በር የደረሰው በዚህ ነው። ያውም በዚያ ዝናብ!

ምክንያት፦ ሊኑክስ ላይ ጄቪኤም ሲነሳ ቴምፕ (የጊዜያዊ ፋይሎች ማስቀመጫ) ፎልደር ውስጥ አንድ ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል። የፋይሉ ስም የፕሮሰሱ (እየሠራ ያለው ፕሮግራም) ቁጥር ነው። የሚቀመጥበት ፎልደር ደግሞ «ኤችኤስፐርፍዳታ» ብሎ ጀምሮ በተጠቃሚው ስም ያልቃል። ጄፒኤስ ይህንን ያነባል፣ በቃ። ፋይሉን ማንበብ ካልቻለ ለእሱ ጄቪኤሙ የለም።

ቶምካት የሚሠራው በራሱ ተጠቃሚ ስም ነው፤ እናንተ የገባችሁት በራሳችሁ። ፋይሉ ለባለቤቱ ብቻ ስለሚነበብ አታዩትም። ስለዚህ በሱዶ (በሌላ ተጠቃሚ ስም ትእዛዝ በሚያስኬደው) የቶምካትን ተጠቃሚ ስም ሰጥታችሁ ጄፒኤስን አስነሱ። በሩት (በሊኑክሱ ዋና ተጠቃሚ) ገብቶ ከጄቪኤሙ ጋር መገናኘት ከጃቫ 11 ወዲህ ይቻላል። ጃቫ 8 ላይ ግን ሩት ሆናችሁ ስሙን ታዩና ልገናኝ ስትሉ እምቢ ይላችኋል።

አሁንም ካልታየ ነገሩ ፕራይቬት ቴምፕ (ለአገልግሎቱ የራሱን ቴምፕ የሚሰጥ ቅንብር) ነው። እኔን ከሁሉ የበለጠ ያመላለሰኝ ይኸው ነው። ከኡቡንቱ ማከማቻ የሚወርደው ቶምካት 9 የሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎት አስነሺ) ፋይሉ ውስጥ ይህ ቅንብር በርቶ ይመጣል። ቶምካት «ቴምፕ» የሚለውና እናንተ «ቴምፕ» የምትሉት ሁለት የተለያዩ ፎልደሮች ናቸው! ሁለት ሰው አንድ ስም ባላቸው ሁለት ጠጅ ቤቶች ተቀጣጥሮ እንደሚጠባበቀው ማለት ነው። የሲስተምዲን ኤዲት ትእዛዝ ተጠቅማችሁ ቅንብሩን «ኖ» አድርጉና ቶምካትን አንዴ አጥፍታችሁ አስነሱት። ዋናውን ፋይል በእጃችሁ አትነካኩ፤ በሚቀጥለው አፕዴት ይጠፋል። ደግሞ ሥራ ሰዓት ላይ አታስነሱት፣ በእናታችሁ።

ምልክት፦ ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ አይገናኝም።

ቴምፕን ያጸዳ አለ። መሣሪያው ለመገናኘት ሲፈልግ ለጄቪኤሙ የ«ኩዊት» ሲግናል (ለፕሮሰስ የሚላክ አጭር ምልክት) ይልካል፤ ጄቪኤሙም እዚያው ቴምፕ ውስጥ ሶኬት (የመገናኛ ፋይል) ይከፍታል። ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ጎበዝ «ዲስክ ሞላብኝ» ብሎ ቴምፕን በየሌሊቱ ሙልጭ አድርጎ የሚያጠፋ ክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚነሳ ትእዛዝ) ጽፎ አገኘሁ። ዲስኩን የሞላው ግን የቶምካት ሎግ ነበር። ክሮን ባይኖርም በሬድ ሃት ወገን ሲስተሞች ሲስተምዲ ራሱ ቴምፕ ውስጥ 10 ቀን ያልተነካውን ያጠፋል። ሶኬቱ አንዴ ከጠፋ የድሮዎቹ የጃቫ 8 ቅጂዎች መልሰው አይከፍቱትም፤ ማስነሳት ግድ ነው። ኤችኤስፐርፍዳታንና የጄቪኤሙን ሶኬት ከጽዳቱ የሚያስቀር መስመር ጻፉ።

ተጠንቀቁ፦ በድሮ ጄዲኬ ላይ ጄስታክን (የጄቪኤሙን ትሬዶች የሚያሳየውን ትእዛዝ) የተሳሳተ የፕሮሰስ ቁጥር አትስጡት። ያ ፕሮሰስ ጃቫ ካልሆነ ያው የኩዊት ሲግናል ይገድለዋል።

ምልክት፦ ከርቀት በጄኤምኤክስ (በጄቪኤም መከታተያው መንገድ) ሲገናኙ ፖርቱ ክፍት ነው፣ ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ጄኤምኤክስ 2 ፖርት ይፈልጋል። ሁለተኛው የአርኤምአይ (የጃቫ የርቀት ጥሪ) ፖርት ካልተወሰነ በየጊዜው ይቀያየራል፤ ፋየርዎሉም ይዘጋዋል። ሁለቱንም አንድ ቁጥር ስጧቸው። ሰርቨሩ አድራሻዬ 127.0.1.1 (ማለትም ያው ማሽን ራሱ) ነው ብሎ ከመለሰም የአርኤምአይ ሆስትኔሙን ራሳችሁ ጻፉለት።

ጄኤምኤክስን ያለ ፓስዎርድ ኢንተርኔት ላይ አትክፈቱት። አትክፈቱት! ያገኘው ሁሉ የፈለገውን ኮድ ሰርቨራችሁ ላይ ያስኬዳል። በኤስኤስኤች ታነል (በተመሰጠረ መተላለፊያ) ግቡ።

ዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴነር በሚባል የተለየ ሳጥን የሚያስኬድ) ውስጥ ያለውን ጄቪኤም ደግሞ እዚያው ኮንቴነሩ ውስጥ ገብታችሁ እዩት።